ሰማይ አይታረስ፣ ፌራሪ አይከሰስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የአገሬ ሰው። ይህን ያለው ሰው ስለ መኪና እሽቅድምድም እያሰበ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። ሆኖም ገንዘብ እንደ ውሃ የሚፈስበትን፣ ፎርሙላ ዋን የሚባለውን ውድድር ለዓመታት ስከታተል የዚያን መንደር ጠባይ ከዚህ አባባል አሳጥሮ የሚገልጽልኝ አጥቻለሁ። እዚያ ሰማዩ አይታረስም፤ ፌራሪም አይከሰስም። ቢከሰስም በጓዳ ይታረቃል።

«የእግር ኳሱ ጣጣ መች አነሰንና ነው የፈረንጅ መኪና የምታመጣብን?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ የመኪና ብቻ ቢሆን እኔም ብዕሬን ባላነሳሁ። ነገሩ የዳኝነት ነው። ደንብ የሚያወጣው፣ በደንቡ የሚዳኘው፣ ገንዘቡን የሚያከፋፍለውና የሚበላው በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሲቀመጡ የደካማው ዕጣ ምን እንደሚሆን ከፎርሙላ ዋን ታሪክ ወለል ብሎ ይታያል። ከዚህ አልፎ ሌላ ነገር የሚታየው አንባቢ ካለ ዓይኑን ያመስግን፤ እኔ የምጽፈው ስለ መኪና ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ተዋንያኑን ላስተዋውቅ። በአንድ ወገን በ1904 ፓሪስ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ «ፊያ»፣ አለ። ደንብ አውጪውም፣ ፈታሹም፣ ቀጪውም እሱ ነው። በሌላ ወገን ቡድኖቹ አሉ። ከነሱም ውስጥ እንደ ፌራሪ ያለ፣ የዓለም ሻምፒዮናው ከተጀመረበት ከ1950 አንስቶ ከውድድሩ ያልተለየ፣ ስሙ ራሱ ገበያ የሆነ ባለጸጋ አለ፤ የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል የሚጨነቅም አለ። በመሐል የቴሌቪዥኑንና የማስታወቂያውን ገንዘብ የሚሰበስብ ነጋዴ አለ። ሁልጊዜ የሚነገረን «ፌዴሬሽኑ ቡድኖቹን ጨቆነ» ወይም «ቡድኖቹ በፌዴሬሽኑ ላይ አመፁ» እየተባለ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። የፌዴሬሽኑ ጉልበት በሁሉም ላይ እኩል አያርፍም። ከትልቁ ጋር ይደራደራል፤ በትንሹ ላይ ይፈርዳል።

በጓዳ የተፈታው ክስ

በ2019 የፌራሪ ሞተር በቀጥታው መንገድ ላይ የሚደርስበት ጠፋ። ተፎካካሪዎቹ ጠረጠሩ። በደንቡ ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅ በሰዓት ከ100 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ በመሣሪያ ይለካ ነበር፤ ጥርጣሬው ፌራሪ መለኪያውን የሚሸውድበት ዘዴ አግኝቷል የሚል ነበር። ፊያ መረመረ። ከዚያም ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2020፣ ቡድኖቹ ባርሴሎና ላይ የቅድመ ውድድር ሙከራቸውን በሚያጠናቅቁበት ቀን፣ አንዲት አጭር መግለጫ ወጣች። ምርመራው አብቅቷል፣ ከፌራሪ ጋር ስምምነት ላይ ተደርሷል፣ የስምምነቱ ዝርዝር ግን በሁለቱ መካከል ብቻ ይቀራል የምትል። አለቀ!

ዳኛና ተጠርጣሪ በምስጢር ተስማሙ ማለት ነው። የሰፈር ሽማግሌ እንኳ ሲያስታርቅ በዳዩን ለይቶ፣ ካሣውን ሰው ፊት ተናግሮ ነው።

የፌራሪን ሞተር የማይጠቀሙ ሰባት ቡድኖች በአንድ ላይ ሆነው ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ ዝርዝሩ ይውጣ አሉ። ፊያ በማግስቱ መልስ ሰጠ። መልሱ ከምስጢሩ የባሰ ሆነ። የፌራሪ ሞተር ሁልጊዜ በደንቡ መሠረት ስለመሥራቱ ሙሉ በሙሉ እንዳላመነ፣ ነገር ግን ጉዳዩ ውስብስብ በመሆኑና ጥፋቱን በማያሻማ ማስረጃ ማረጋገጥ ስለማይቻል ከዚህ በላይ እንደማይገፋበት ገለጸ። በዚያው ዓመት ፌራሪ ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከ1980 ወዲህ እንዲህ ወርዶ አያውቅም። ኧረ ለመሆኑ ያ ሞተር ምን ነካው? የሚያውቁት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አይናገሩም።

ያኔ የፊያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሚስተር ዣን ቶድ ናቸው። ወደ ፊያ ከመምጣታቸው በፊት የፌራሪን የውድድር ቡድን ለረጅም ዓመታት የመሩ ሰው ናቸው። ሰውየው አዳልተዋል አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። ችግሩም ይኸው ነው፤ ማስረጃው ተቆልፎበታል። አላዳሉ ከሆነም ንጽሕናቸውን የሚያሳየው ወረቀት አብሮ ተቆልፏል።

በዚያው በ2020 የሆነውን ሌላ ጉዳይ እስቲ ከጎኑ እናስቀምጠው። ሬሲንግ ፖይንት የሚባለው ቡድን የፍሬን አየር ማስገቢያውን ከመርሴዲስ ንድፍ ወስዷል ተብሎ ተከሰሰ። ክሱ ተሰማ፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ ለሕዝብ ወጣ። 15 ነጥብ ተቀነሰበት፤ 400 ሺህ ዩሮም ተቀጣ። መልካም፣ ዳኝነት ማለት እንዲህ ነው። ግን ለአንዱ ችሎት፣ ለሌላው ጓዳ ለምን ሆነ?

ወደ ኋላ ሄድ ብንልም ያው ነው። በ2007 የፌራሪ 780 ገጽ ምስጢራዊ ሰነድ በአንድ የማክላረን ባልደረባ እጅ ተገኘና ማክላረን 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ የቡድን ነጥቡም በሙሉ ተሰረዘ። የዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ ሬኖ የማክላረንን ምስጢር ይዞ ተገኘ። በዚያው አንቀጽ ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱስ? ምንም! ፊያ መረጃው በውድድሩ ላይ ለውጥ ስለማምጣቱ ማስረጃ የለም የሚል ምክንያት ሰጥቷል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከመቶ ሚሊዮን እስከ ዜሮ የሚለጠጥ አንቀጽ ላስቲክ እንጂ ሕግ አይባልም።

ድምፁን የተነጠቀው የእንጨት ነጋዴ

አሁን ወደ ትንሹ እንምጣ። ሚስተር ኬን ቲረል እንግሊዛዊ የእንጨት ነጋዴ ነበሩ። መኪናቸው ይሠራ የነበረው እዚያው የእንጨት ግቢያቸው ውስጥ ነው። በዚያች ግቢ በተሠራ መኪና ጃኪ ስቱዋርት በ1971 እና በ1973 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1984 ግን ዘመኑ የቱርቦ ሞተር ሆኖ ነበር። ቱርቦ እንደ ፌራሪ፣ ሬኖና ቢ ኤም ደብሊው ያሉ ፋብሪካዎች ሀብት ነው። የእንጨት ነጋዴው አቅም አጥተው በአሮጌው ሞተር ቀሩ።

ቱርቦ ነዳጅ ይጠጣል። ደንቡ አንድ መኪና ለአንድ ውድድር የሚይዘውን ነዳጅ በ220 ሊትር ወስኖ ነበር፤ ለ1985 ደግሞ ወደ 195 ሊያወርደው ተቀጥሮ ነበር። ለሚስተር ቲረል እሰይ ነው፤ የሳቸው ሞተር ብዙ አይጠጣም። ባለቱርቦዎቹ ግን 220ው ይቀጥል አሉ። ይህ እንዲሆን የሁሉም ቡድኖች ስምምነት ያስፈልጋል። ቲረል እምቢ አሉ።

በዚያው የውድድር ዘመን ዲትሮይት ላይ ሁለተኛ የወጣው የቲረል መኪና ሲፈተሽ የውሃ ታንኩ ውስጥ ድቡልቡል እርሳስና የነዳጅ ርዝራዥ ተገኘ ተባለ። ክሱ በአጭሩ፣ መኪናው ቀሎ ይሮጥና ወደ መጨረሻው ክብደት ይሞላል የሚል ነው። ቅጣቱ በዲትሮይቱ ውጤት ብቻ አላበቃም። የዓመቱ ውጤት በሙሉ ተፋቀ፤ ይግባኙ ውድቅ ሆነ፤ ቡድኑ ከቀሩት ሦስት ውድድሮችም ታገደ። ቡድኑ ሲባረር ድምፁም አብሮ ሄደ። እምቢ ባይ ጠፋና 220 ሊትሩ ቀጠለ።

ሚስተር ቲረል ጻድቅ ነበሩ እያልኩ አይደለም። እርሳሱ እዚያ ነበር። ጥያቄዬ የቅጣቱ ልክና ጊዜው ነው። በአንድ ጉባዔ የሚቃወም አንድ ሰው ብቻ ሲኖር፣ ያም ሰው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በሌላ ጥፋት ተይዞ ሲወጣ፣ ጥፋቱ እውነት ቢሆን እንኳ «አጋጣሚ ነው» ብሎ ማመን ይቸግራል። የዳኛ ትልቁ ሀብት መታመኑ ነው፤ ያ ከጠፋ እውነተኛ ፍርዱም ሐሰት ይመስላል።

ጉልቻ ቢለዋወጥ

«ታዲያ ቡድኖቹ ተባብረው መብታቸውን አያስከብሩም?» ይባል ይሆናል። ሞክረዋል። በ1980 እና በ1981 የፌዴሬሽኑ የስፖርት ክንፍ አለቃ ከነበሩት ከፈረንሣዊው ሚስተር ዣን ማሪ ባሌስትር ጋር አንገት ለአንገት ተናንቀዋል። የቡድኖቹ ማኅበር መሪ ሚስተር በርኒ ኤክለስተን ነበሩ፤ ያገለገሉ መኪናዎች ሲሸጡ ኖረው የብራብሃም ቡድን ባለቤት የሆኑ እንግሊዛዊ። ከጎናቸው ጠበቃው ሚስተር ማክስ ሞስሊ ቆመዋል። የ1980 የስፔን ውድድርና የ1981 የደቡብ አፍሪካ ውድድር ከሻምፒዮናው ውጪ ተደረጉ። ፌራሪ፣ ሬኖና አልፋ ሮሜዮ ከፌዴሬሽኑ ጋር ወገኑ። በመጨረሻ በማርች 1981 ኮንኮርድ የሚባለው ስምምነት ተፈረመ። ስሙ የፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ካለበት ከፓሪሱ የኮንኮርድ አደባባይ የተወሰደ ነው። ደንቡ ለፌዴሬሽኑ፣ የገንዘቡ ድርድር ለቡድኖቹ ማኅበር ሆነ። የቡድኖቹ ማኅበር ማለት ደግሞ ሚስተር ኤክለስተን ማለት ነበር።

አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1991፣ የዚያን ጊዜው የቡድኖች ጠበቃ ሚስተር ሞስሊ ባሌስትርን በምርጫ አሸንፈው ወንበሩን ያዙ። ታጋዩ አለቃ ሆነ። እንግዲህ ፍትሕ መጣ ተባለ። የአውሮፓ ኮሚሽን «ደንብ አውጪ እንዴት ነጋዴም ይሆናል?» ብሎ ምርመራ ከፈተባቸውና በ2001 ፊያ ከንግዱ ለመውጣት ተስማማ። መልካም ውሳኔ ነው። ይሁንና የንግድ መብቱ ለማን ሄደ? ለአሮጌው የትግል ጓድ ለኤክለስተን ኩባንያ! ለስንት ዓመት? ከ2011 እስከ 2110፣ ለ100 ዓመት! በስንት? ከ300 ሚሊዮን ዶላር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ። ያ ውድድር ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በ2017 ሊበርቲ ሚዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲገዛው 8 ቢሊዮን ዶላር ተተመነ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ማለት ይህ ነው። በዚያ ድርድር የልጅ ልጆቻችን ዘመን ሲሸጥ ትንንሾቹን ቡድኖች የጠየቃቸው አልነበረም።

የሳሩ ዕጣ

ዝሆኖቹ ሲራገጡ የሚጎዳው ሳሩ ነው። ሳሩ አንዳንድ ጊዜ ተመልካቹ ነው። ጁን 19 ቀን 2005 አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሚሽላን ጎማ በ13ኛው መታጠፊያ ላይ አደጋ እንደሚያመጣ ታወቀ። የመታጠፊያው ፍጥነት በመሰናክል እንዲቀንስ ተጠየቀ፤ ፊያ ደንብ ደንብ ነው ብሎ እምቢ አለ። ቡድኖቹም እንደዚያ ከሆነ አንሮጥም አሉ። 14 መኪናዎች ከማሟሟቂያው ዙር በኋላ ወደ ጋራዥ ገቡ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር፣ ገንዘቡን ከፍሎ የመጣ ሕዝብ ስድስት መኪና ሲዞር አይቶ ተመለሰ። የቲኬቱን ገንዘብ የመለሰው የጎማው ፋብሪካ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳሩ ትንሹ ቡድን ነው። በ2009 ፊያ ለቡድኖች ወጪ 40 ሚሊዮን ፓውንድ ጣሪያ ሊያወጣ ተነሳ። ስምንት ቡድኖች የራሳችንን ሻምፒዮና እናቋቁማለን ብለው አስፈራሩ። በጁን ወር ታረቁ። ጣሪያው ቀረ፤ ሚስተር ሞስሊም እንደገና ላለመወዳደር ተስማሙ። «ቡድኖቹ አሸነፉ» ተብሎ ተጻፈ። የትኞቹ ቡድኖች? በጣሪያው ተስፋ አድርገው የተመዘገቡ ሦስት አዳዲስ ቡድኖች በ2010 ውድድሩን ሲቀላቀሉ ጣሪያ የለም፤ ሜዳው የባለጸጋ ነው። አንዱ በ2012፣ ሁለተኛው በ2014፣ ሦስተኛው በ2017 መጀመሪያ ላይ ከሰረው ጠፉ። አንዱም አልተረፈ።

የቡድኖቹ አንድነትም አልቆየም። ፌራሪና ሬድ ቡል በ2011 መጨረሻ ከማኅበራቸው ወጡ። ነጋዴው ከትልልቆቹ ጋር ለየብቻ ተዋዋለ። ማኅበሩ በ2014 ፈረሰ። ከፋፍለህ ግዛ እንዲህ ነው፤ ጥይት አይተኮስበትም። ከ2013 ጀምሮ ደንብ የሚመከርበት «የስትራቴጂ ቡድን» የሚሉት ሸንጎ ተቋቋመ። 18 ድምፅ ነበረው፤ ስድስቱ የፊያ፣ ስድስቱ የነጋዴው፣ ስድስቱ የተመረጡ ቡድኖች። ከነዚህ ውጪ የሆኑት ቡድኖች ድምፅ አልነበራቸውም፤ በማያወጡት ደንብ ብቻ ይተዳደሩ ነበር።

ደጅ ከቀሩት አንዱ ማሩሲያ ነበር። ጁል ቢያንኪ የተባለው ወጣት ሾፌራቸው በ2014 ሞናኮ ላይ ለቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦች አስገኘ። ኦክቶበር 5 ቀን ጃፓን ሱዙካ ላይ ከባድ አደጋ ደረሰበት፤ በጁላይ 2015 አረፈ። ከአደጋው በኋላ ወር እንኳ ሳይሞላ ቡድኑ ከሰረ። ወደ 200 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። የከፈሉትን ዋጋ የሚያህል ማን ከፈለ? ሆኖም በሸንጎው ወንበር አልነበራቸውም።

በ2015 ደግሞ ፊያ ትንንሾቹ የሚገዙትን የሞተር ዋጋ ለመገደብ ሞከረ። ያኔ ነው የፌራሪ ልዩ መብት ፀሐይ የሞቀው። ፌራሪ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያልወደደውን ደንብ ብቻውን የመሻር ሥልጣን አለው፤ ሌላ ማንም የለውም። ሻረው። ፊያም «የፌራሪ መብት ነው» ብሎ ተቀበለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም! በዚያው ዓመት ፎርስ ኢንዲያና ሳውበር የተባሉት ቡድኖች የገንዘብ ክፍፍሉና የደንብ አወጣጡ ፍትሐዊ አይደለም ብለው ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አሉ። በጃንዋሪ 2018 ክሱን ተዉት። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ፎርስ ኢንዲያ በዕዳ ምክንያት በአጣሪ እጅ ገባ። ሌላ ባለሀብት ገዝቶ ስሙን ቀየረው። አዲሱ ስሙ ማን ይመስላችኋል? ሬሲንግ ፖይንት! ያው በ2020 በአደባባይ የተቀጣው።

አንድ ዕጩ፣ አንድ ምርጫ

ውሸት እንዳይሆንብኝ የተሻሻለውንም ልናገር። ከ2021 ጀምሮ የወጪ ጣሪያ ወጥቷል፤ መነሻው 145 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሬድ ቡል ጣሪያውን አልፎ በመገኘቱ በ2022 የ7 ሚሊዮን ዶላር ቅጣትና የንፋስ ሙከራ ቅነሳ ተፈርዶበታል፤ ውሳኔውም ለሕዝብ ወጥቷል። ማክላረን ከ1998 ወዲህ አጥቶት የኖረውን የቡድን ሻምፒዮንነት በ2024 መልሶ አግኝቷል። ደንብ በትልቁም ላይ ሲሠራ ውድድሩ ራሱ ያምርበታል።

ግን በሩን ማን ይዞታል? በኦክቶበር 2023 ፊያ የአሜሪካውን የአንድሬቲ ቡድን መርምሮ ብቁ ነው አለ። በጃንዋሪ 2024 ነጋዴው አይገባም አለ። አዲስ ገቢ ለነባሮቹ 200 ሚሊዮን ዶላር መክፈል እንዳለበት አስቀድሞ ተዋውለው ነበር፤ ያም አልበቃም። ጄኔራል ሞተርስ በካዲላክ ስም ከፊት ሲቆም በሩ ለ2026 ተከፈተ። ፌዴሬሽኑ በትንሹ ላይ የሚያሳየው ክንድ እዚህ የት ሄደ?

ከሁሉ የከፋው የፌዴሬሽኑ የራሱ ቤት ነው። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት የየአገሩ የአውቶሞቢል ክለቦች ናቸው፤ ቡድኖችና ሾፌሮች ድምፅ የላቸውም። በዲሴምበር 2024 ኪጋሊ ላይ በተደረገው ጉባዔ የሥነ ምግባር አቤቱታዎች ውጤት በፕሬዚዳንቱና በሴኔቱ ሊቀ መንበር እጅ እንዲገባ የመተዳደሪያ ደንቡ ተለወጠ። ከ1993 ወዲህ አንድም የፎርሙላ ዋን ውድድር ባላየችው በአፍሪካ ምድር የተደረገው ይህ ነው። ውድድሩ ባይመጣልንም ጉባዔው መጣልን።

በ2025ቱ ምርጫ ደግሞ አንድ ዕጩ ከየአህጉሩ ከተመዘገቡ ሰዎች መካከል ምክትሎቹን ይዞ መቅረብ ነበረበት። ከደቡብ አሜሪካ የተመዘገቡት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። እሳቸውም የሚስተር ኤክለስተን ባለቤት ወይዘሮ ፋቢያና፣ የነባሩ ፕሬዚዳንት ደጋፊ ናቸው። ተቀናቃኞች ዝርዝር ማሟላት አቃታቸው። ዲሴምበር 2025 ላይ ሚስተር መሐመድ ቢን ሱላየም ያለ ተወዳዳሪ ተመረጡ። ሕጉ ተከብሯል፤ ምርጫም ተደርጓል። የጎደለው ተመራጭ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ምርጫ ለማንበብ አዲስ የሆነበት አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ።

መፍትሔው ሮኬት መሥራት አይደለም። ቀጪው አካል ከፕሬዚዳንቱ እጅ ይውጣ፤ ዳኞቹን ፌዴሬሽኑም ሆነ ቡድኖቹ ብቻቸውን አይሹሙ። ማንኛውም ምርመራ ውጤቱ ከነምክንያቱ ይታተም፤ የምስጢር እርቅ ይቅር። የአንድ ቡድን የመሻር ሥልጣን ይሰረዝ። ደንብ በሚወጣበት ሸንጎ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለውም ቡድን እንደ መጀመሪያው አንድ ድምፅ ይኑረው። ፕሬዚዳንትነት ለሚፈልግ ሁሉ የዕጩነቱ በር ይከፈት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ወንበሩ ላይ ያሉት ራሳቸው የሚከሰሱበትን ሕግ ለማውጣት መፍቀዳቸው ነው። ይህ ደግሞ በየትም አገር በፈቃድ ተሰጥቶ አያውቅም፤ ተጠይቆ፣ ተጮኾበት ነው የሚገኘው።

ፌራሪ ጥፋተኛ ነው አላልኩም። ይከሰስ ነው ያልኩት። ተከሶ፣ በአደባባይ ተሟግቶ፣ ነጻ ቢወጣ አጨብጭቤ እቀበለዋለሁ። በጓዳ ነጻ የወጣ ግን ለኔም፣ ለነዚያ ሰባት ቡድኖችም፣ ለራሱም ነጻ አልወጣም።